«ማሳ»ና «መሬት» በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ

የተሳቢ መብራቶችን ብልሽት ስለ መፈለግ የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ተርጓሚውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው በትምህርት መጻሕፍት «መሬት» የሚባለው ቃል ነው። በቦሌ ቡልቡላ ጋራዦች ያነጋገርናቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ማሳ» ይላሉ። ቃሉ እንደ «ፍሬን»ና «ፍሬቻ» ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን፣ ከእርሻው «ማሳ» ጋር በድምፅ ከመግጠሙ በቀር ዝምድና የለውም። (አንድ ተለማማጅ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲተነትንልን በደስታ አዳምጠናል።)

መኪና በጎማ ላይ የቆመ በመሆኑ ኮረንቲው አምፖሉን አብርቶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በአፈር ሳይሆን በሻንሲው ብረት ነው። የተሳቢው የማሳ ሽቦ የዛገ ወይም የላላ እንደሆነ ኮረንቲው በሌላ አምፖል በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የኋላ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻውም ሳይታዘዝ ፈዝዞ ይበራል። አምፖል መለወጥ ፋይዳ የለውም፤ አስቀድሞ የሚፈተሸው ማሳው ነው። «ሽቦውን ከመሬት ጋር አገናኝ» የሚል ትርጉም ያነበበ ጀማሪ ግን ምን ያድርግ?

ቁጥሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በተለመደው ዓለም አቀፍ ደረጃ ባለ 7 እግር ሶኬት ማሳው በ24 ቮልት 1ኛው፣ በ12 ቮልት ግን 3ኛው እግር ነው።

እኛ «መሬት» ለሕንፃ ኤሌክትሪክ እንዲቆይ፣ ለተሽከርካሪ «ማሳ» እንዲጸድቅ እንመርጣለን። «የሻንሲ መመለሻ» የሚለው ለፍቺ ይበቃል፤ ለስያሜ ግን ይረዝማል።