ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ፤ የአንድ ሰዓት በረራና የቀናት መንገድ

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው ርቀት ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እንደ መጓጓዣው ዓይነት ይለያያል። በአየር በቀጥታ ሲለካ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰበታ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአዋሽና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ ኬላ የሚያልፈው የከባድ መኪና መንገድ ደግሞ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

በቀድሞው ዘመን ዕቃ ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚወጣው በግመልና በበቅሎ ስለ ነበረ፣ ጉዞው ብዙ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የእርሱ ምትክ የሆነው የዛሬው መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 የንግድ አገልግሎቱን ጀመረ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ወደብ ከተቋረጠ ወዲህ፣ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከመቶው ዘጠና እጅ ያህሉ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው በሰማይ ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ነው። ርቀቱ አጭር በመሆኑ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመውጣትና በመውረድ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ የጅቡቲ ማረፊያ ግን ከባሕሩ ዳር ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ይቀንሳል፤ በጅቡቲም በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል። ስለዚህ ከመለዋወጫና ከመድኃኒት በቀር፣ ሲሚንቶ ወይም ብረት በዚህ በረራ ላይ አይታሰብም።

የበረራው ዋና ጥቅም ለባለ ዕቃው ለራሱ ነው። በጭነት ሰነዱ ላይ የአንድ ቁጥር ስሕተት ተገኝቶ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ከቀረ፣ ነጻዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ የማከማቻው ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል። ትርፉ ጠባብ የሆነ አስመጪ ደግሞ በሁለት ሳምንት መዘግየት የዕቃውን ትርፍ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ጧት ተነሥቶ ከአስተላላፊው ጋር ተገናኝቶ ሰነዱን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ይልቅ ይረክሳል።

ይሁን እንጂ ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል። በጅቡቲ ዓርብ መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ እሑድ ባንኩ አይከፈትም። ሐሙስ ማታ የደረሰ ነጋዴ ገንዘቡን ለሆቴል ከፍሎ ይቀመጣል፤ የወደቡ ኪራይ ግን በዓል አያውቅም። በሁለቱም አገር ሥራ ያለባቸው ቀናት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት አራቱ ናቸውና፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጧት መነሣት ይመረጣል። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ነው፤ ነገር ግን በትኬት ላይ 8 ሰዓት የተባለው ከጧቱ 2 ሰዓት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ተጓዡ የመርከቡን የጭነት ሰነድ ዋናውን፣ የሒሳቡን ፋክቱርና የንግድ ፈቃዱን ግልባጭ በእጅ ሻንጣው ይያዝ።