«የህንዱ የጉበት ኪኒን ፎርጅድ ነው» የተባላችሁ ይህን ሳታነቡ ኪኒኑን እንዳታቆሙ

ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ጥያቄ አለ። ሐኪም ለሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ያዝዛል። ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ተበድሮ ይገዛል። ዕቃው ሲታይ «ህንድ የተሠራ» ይላል። ከዚያ ጎረቤት ይመጣና «ይሄማ ዋናው አይደለም፣ ጉበትህን ይጨርሰዋል» ይላል። ሰውየው ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል» የሚል ፎቶ አይቶ ብሩን ይልካል።

ሁለቱም መንገድ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በሽታው ራሱ ምንድን ነው?

በእኛ አካባቢ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ያመጣችው ነው የሚልም አለ። ዓይንን ቢጫ የሚያደርጉ በሽታዎች ግን ብዙ ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ቀስ እያለ የሚበላ ቫይረስ ነው። ሰውየው የሚያውቀው ሆዱ ውኃ ሲይዝ ወይም ደም ሲያስመልሰው ሊሆን ይችላል።

የሚተላለፈው በደም ነው። በጋራ ምላጭ፣ በአግባቡ ባልተቀቀለ መርፌ፣ እንጥል በማስቆረጥ፣ በዋግምት፣ በንቅሳት፣ በየመንደሩ ጥርስ በማስነቀል። በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት ወይም በመሳሳም አይተላለፍም። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ ከመቶ ሰዎች 3 ያህሉ (3.1 በመቶ) ላይ የበሽታው ምልክት በደም ምርመራ መገኘቱን አሳይቷል። ክትባት የለውም። የሚያድን መድኃኒት ግን አለው።

ታዲያ ለምን ረከሰ?

እዚህ ጋ ነው ጥርጣሬው የሚጀምረው። ሶፎስቡቪር የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2013 (እ.ኤ.አ.) ነው። ባለቤቱ ጊልያድ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ የአንዷ ኪኒን ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር። ሕክምናው በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት፣ በድምሩ 84 ኪኒን ነው። ስለዚህ 84,000 ዶላር ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የስማዳ ገበሬ ቀርቶ የአሜሪካ ኢንሹራንስም አቤት ብሏል።

በመስከረም 2014 (እ.ኤ.አ.) ግን ጊልያድ ራሱ ለሰባት የህንድ ኩባንያዎች መድኃኒቱን ሠርተው ለ91 አገሮች እንዲሸጡ ፈቃድ ሰጠ። ኢትዮጵያም ከ91ዱ ውስጥ ናት። ዳክላታስቪር የተባለው አብሮት የሚሰጠው መድኃኒትም በ2015 ተመሳሳይ ፈቃድ አገኘ። ኩባንያዎቹ መወዳደር ሲጀምሩ ዋጋው ወረደ። በ2023 መንግሥታትና ድርጅቶች በጅምላ ሲገዙ የሙሉ የ12 ሳምንቱ ሕክምና እስከ 60 ዶላር ድረስ ዝቅ ብሏል። ፋርማሲ ላይ ከዚያ በላይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ መጓጓዣና ትርፍ ይጨመርበታል። ዋናው ነጥብ፦ ዋጋው የወረደው ፈቃድና ውድድር ስላለ ነው። ርካሽነቱ ብቻውን የፎርጅድነት ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ ካስፈለገ ጎረቤታችን ግብፅ አለች። በሄፓታይተስ ሲ ከዓለም በጣም ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። ምክንያቱም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለቢልሃርዚያ በተሰጠ የመርፌ ዘመቻ መርፌዎቹ በደንብ ስላልተቀቀሉ ቫይረሱ ተሰራጨ። ግብፅ በአገሯ በተሠራ ጀነሪክ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አክማ፣ በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ «የወርቅ ደረጃ» ሰጥቷታል። በግብፅ የበዛው የቫይረሱ ዝርያ 4 የሚባለው ነው፤ እኛም ጋ የሚበዛው ዝርያ 4 ነው።

ሦስቱን እንለይ

ቅቤ እንደምንገዛ እናስበው።

1. ጀነሪክ፦ ሌላ ባልትና የሠራው፣ ግን ያው ንጹሕ ቅቤ ነው። የመድኃኒቱ ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው። የሚለየው ስሙ፣ ቀለሙና ማሸጊያው ነው።

2. ከደረጃ በታች፦ ቅቤው ቅቤ ነው፣ ግን በደንብ አልተናጠም ወይም ፀሐይ አቅልጦት ከርሟል። ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ያመረተው መድኃኒት እንኳ በአመራረት ስህተት ወይም በአያያዝ ጉድለት እዚህ ሊወድቅ ይችላል።

3. ፎርጅድ፦ ሙዝ ተቀላቅሎበት ቅቤ ነው ተብሎ የተሸጠ። ሆን ተብሎ ለማታለል የተሠራ ነው። ውስጡ መድኃኒቱ ላይኖር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ አሥር መድኃኒቶች አንዱ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ወገን ነው። ስለዚህ ስጋታችሁ ከንቱ አይደለም። ግን ስጋቱ መነጣጠር ያለበት «ህንድ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ሳይሆን መድኃኒቱ በመጣበት መንገድ ላይ ነው።

ውዱም ፎርጅድ ይሆናል። በጥር 2017 ጃፓን ናራ በሚባለው ግዛት፣ ሃርቮኒ የተባለው የጊልያድ ዋና መድኃኒት በፎርጅድ ተተክቶ ፋርማሲ ድረስ ደርሶ ነበር። ነገሩ የታወቀው አንድ ታካሚ «ይሄ ኪኒን ከበፊቱ ይለያል» ብሎ ስለጠየቀ ነው። ፎርጅዱ የገባው በጅምላ ገበያው በኩል፣ ያለ ማሸጊያ ሳጥኑ በሚሸጥ ብልቃጥ ነበር። ፎርጅድ ሠሪ ውድ ነገርን ይወዳል።

ንጽሕናው በምን ይታወቃል?

መቶ በመቶ ንጹሕ የሆነ መድኃኒት የሚባል የለም፤ ዋናውም ቢሆን። ኪኒን ሲሠራ የኬሚካል ቅሪት ይኖራል። ቁም ነገሩ ቅሪቱ ከተፈቀደው ወሰን በታች መሆኑ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ንጥረ ነገሩ በትክክል 400 ሚሊግራም ሶፎስቡቪር መሆኑ፣ ቅሪቱ ስንት እንደሆነ፣ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ በሚገባ መሟሟቱ ይለካል። ጀነሪክ ከሆነ ደግሞ ሰው ደም ውስጥ የሚገባው መጠን ከዋናው ጋር መቀራረቡ በጥናት ይረጋገጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሁሉ አይቶ ለሄፓታይተስ ሲ ጀነሪክ የብቃት ማረጋገጫ መስጠት የጀመረው በ2017 ነው። እኛ አገር መድኃኒት መዝግቦ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ይህን በዓይን፣ በምላስ ወይም ውኃ ውስጥ በመጣል ማወቅ አይቻልም። «ከመረረ ጥሩ ነው» የሚለውን እርሱት። እናንተ ማየት የምትችሉት መንገዱን ነው።

ስትገዙ እነዚህን እዩ

• የሐኪም ማዘዣ ይዛችሁ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ፋርማሲ ግዙ። ከሱቅ፣ ከገበያ፣ ከቴሌግራም አትግዙ።

• ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ነገ «አላውቅህም» ይላል።

• ብልቃጡ አፉ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን እዩ። ተቆጥሮ በላስቲክ የተሰጣችሁን አትቀበሉ።

• የባች ቁጥሩና የአገልግሎት ዘመኑ በሳጥኑና በብልቃጡ ላይ አንድ ዓይነት ነው? ጽሑፉስ የፊደል ስህተት አለበት? ሳጥኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ።

• ሁለተኛው ወር ላይ የተሰጣችሁ ኪኒን በቀለም ወይም በቅርጽ ከመጀመሪያው ከተለየ ሳትውጡ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። የኩባንያ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ግን ይነገራችሁ።

• ሙቀት መድኃኒትን ያበላሻል። በአብዛኞቹ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች አስቀምጡ ተብሎ ተጽፏል። ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ስታስመጡ ከመኪና ጣራ ላይ ጭነት ጋር አይታሰር። ቤት ውስጥም ከምድጃ ይራቅ፣ ከነብልቃጡ ይቀመጥ።

መንገድ ሲዘጋ ሰው ያገኘውን ይገዛል፤ ይህን እናውቃለን። ለዚህም ነው ሕክምናውን ስትጀምሩ ከተቻለ የ12 ሳምንቱን መድኃኒት፣ ካልተቻለ ቢያንስ የሚቀጥለውን ብልቃጥ አስቀድማችሁ መያዝ የሚሻለው። መሃል ላይ ማቋረጥ ቫይረሱን መልሶ ያስነሳል።

ንጹሕ መድኃኒትም ጥንቃቄ ይፈልጋል

አንዳንዴ «ኪኒኑ ጎዳኝ» የሚባለው መድኃኒቱ ቆሻሻ ስለሆነ ሳይሆን ሐኪሙ ማወቅ የነበረበት ነገር ስላልተነገረው ነው።

ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ካለ፣ የሲው ቫይረስ ሲጠፋ ቢው ሊነሳና ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የቢ ምርመራ አድርጉ። የቲቢ መድኃኒት (ሪፋምፒሲን) የምትወስዱ ከሆነ የኪኒኑን ኃይል ያወርደዋል። አሚዮዳሮን የተባለው የልብ መድኃኒት አብሮት ሲወሰድ የልብ ምትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያዘገይ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒት፣ እርግዝና ካለ፣ ሁሉንም ለሐኪሙ ንገሩ። ቀለል ያለ ራስ ምታትና ድካም ግን የተለመደ ነው፤ ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በጣት ጠብታ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ «ፖዘቲቭ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት ያለ ሕክምና በራሳቸው ይድናሉ፤ ምርመራው ግን ፖዘቲቭ ማለቱን ይቀጥላል። ቫይረሱ አሁን ደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መሄድ ያስፈልጋል። ከብቱ ከመሸጡ በፊት ይህ ይሠራ።

ይኸው ምርመራ መጨረሻ ላይም ዳኛው ነው። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ 12 ሳምንት ቆይታችሁ ስትመረመሩ ቫይረሱ ከሌለ ድናችኋል። በአግባቡ ከወሰዱት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት እዚህ ይደርሳሉ። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ጎረቤት ሳይሆን ይህ ውጤት ይናገራል።

የጠረጠራችሁት ኪኒን ካለ አትጣሉት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት። ከነሳጥኑና ከነደረሰኙ ይዛችሁ ለፋርማሲስቱ ወይም ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት አሳዩ፤ ወይም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሉ። እስኪጣራ ድረስ ምን እንደምትወስዱ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስልክ የሌላቸው እናትና አባቶቻችን ይህን አያነቡትምና እናንተ አንብቡላቸው። ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ የቆለፈበት ሰው ካወቃችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አድርሱት። ሼር!