የሰው አካል ላይ የሚጋፉ ሬዲዮዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስልክ ደጋግሞ ጮኸ። ክንዳቸው ላይ የተለጠፈው የስኳር መለኪያ ሴንሰር ከስልካቸው ጋር ተቆራርጦ ነበር። ልጃቸው ስልኩን ከቦርሳ አውጥታ ሴንሰሩ ወዳለበት ጎን ስታስጠጋው ቁጥሩ ተመለሰ፤ ጭፈራው ደርቶ ሰው ሲከባቸው ግን እንደገና ጠፋ። «እማዬ፣ ሰው ሲበዛ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለቻቸው። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሴንሰሩ፣ የእጅ ሰዓቱ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ የአዳራሹ ዋይፋይ ሁሉም ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ነፃ ባንድ ላይ ይጋፋሉ። አንድ ሰው የለበሳቸውን መሣሪያዎች ስልኩ ተራ ያስይዛቸዋል። በእኔና በጎረቤቴ መሣሪያዎች መካከል ግን ተራ አስከባሪ የለም። በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ወገናችን እንዲህ አለኝ፦ «ሰውነት ውኃ ነው፤ ውኃ ይህን ሞገድ ይጠጣዋል። የራስህ ሲግናል ጀርባህን ዞሮ ሲመጣ ደክሟል፤ ፊት ለፊትህ የቆመው ሰው ሰዓት ግን ይጮህብሃል።»

አሜሪካ ይህን ችግር በሆስፒታል ደረጃ ቀድማ ቀምሳዋለች። በየካቲት 1998 (እ.ኤ.አ.) ዳላስ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የዲጂታል ስርጭት ሲሞክር የቤይለር ሆስፒታል ገመድ አልባ የልብ መከታተያዎች ሥራ አቆሙ። ጣቢያው ጉዳዩን ሲሰማ ስርጭቱን አቋረጠ። በ2000 የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለሆስፒታል መከታተያዎች የተለዩ ባንዶችን ሰጠ፤ አንዱ ከ608 እስከ 614 ሜጋኸርዝ ያለው ነው፤ ከዋክብትን በሬዲዮ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ስለሚያዳምጡበት ከቴሌቪዥን ነፃ ሆኖ የቆየ መስመር። በ2012 ደግሞ ሰውነት ላይ ለሚለበሱ የሕክምና መረቦች ከ2360 እስከ 2400 ሜጋኸርዝ ተፈቀደ። ባንዱ አዳዲስ አውሮፕላኖችን በበረራ የሚፈትሹ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ስለነበር ከእነሱ ጋር ረጅም ድርድር ጠይቋል። በዚያው ዓመት የወጣው 802.15.6 የተባለ መመዘኛም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች መረቦች የመላኪያ ጊዜያቸውን እንዲያሸጋሽጉ ወይም ቻናል እንዲቀያይሩ መንገድ አበጅቷል።

ስልክ የሚያውቀው ብሉቱዝን ስለሆነ፣ ክንድ ላይ የሚለጠፉት የስኳር ሴንሰሮች ግን በተጨናነቀው ባንድ ቀሩ። ብሉቱዝ ከመስመር መስመር እየዘለለ ያመልጣል፤ ዘዴው ተዋናይዋ ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር በ1942 የፈጠራ መብት ካገኙበት ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። እነሱ ያሰቡት ቶርፒዶን ከጠላት ሬዲዮ ለመከላከል ነበር፤ የመስመሮቹንም ብዛት እንደ ፒያኖ ቁልፎች 88 አደረጉት።

በዚህ ነፃ ባንድ የሚሠራ መሣሪያ የሚደርስበትን ረብሻ ሁሉ ችሎ መቀበል አለበት ይላል የአሜሪካ ደንብ። ስለዚህ የታመመ ሰው ሴንሰርና የሙዚቃ ማዳመጫ በአየሩ ላይ እኩል ናቸው። ይህ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም። «ሆስፒታል ውስጥ አየሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ» አለኝ ጠጋኙ። «በሽተኛው ከበር ሲወጣ ማን ይጠብቅለት? ስልኩም ‹ሲግናል ጠፋ› ይላል እንጂ ሰውነት ይከልለው፣ ሌላ ሬዲዮ ይረብሸው አይናገርም። ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አይመዘገብም።» መዝጋቢው ማን እንደሆነ የጠየቅኩት ባለሥልጣን ጥያቄዬን በጽሑፍ እንድልክ ነገረኝ፤ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም።

ብዙዎቹ ሴንሰሮች ግንኙነቱ ሲመለስ ያመለጠውን ቁጥር መልሰው ይልካሉ። በመካከሉ ስኳር ከወረደ ግን ማንቂያው የሚጮኸው ዘግይቶ ነው፤ ለብቻው ለተኛ ሰው ይህ አደጋ ነው።