መኪናን ከመንሸራተት ስለሚጠብቅ መሣሪያ



መኪና ለመሪው የሚታዘዝ ይመስለናል። ነገር ግን መሪ የሚያዝዘው ጎማን ነው፤ ጎማም የሚታዘዘው መሬቱን አጥብቆ በያዘ ጊዜ ብቻ ነው። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ወይም በፍጥነት በሚታለፍ ጥምዝ መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን የለቀቀ እንደ ሆነ፥ ነጂው መሪውን ቢጠመዝዝም መኪናው በጀመረው አቅጣጫ ይንሸራተታል፤ አለዚያም ኋላው ያመልጥና ይሽከረከራል። ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል የተባለው መሣሪያ የተሠራው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንዱ መለኪያ ነጂው መሪውን ምን ያህል እንዳዞረ፥ ሌላው መኪናው በእውነት ምን ያህል እንደ ዞረ፥ ሌሎቹም የየጎማውን ፍጥነት ይለካሉ። ኮምፒዩተሩም የነጂውን ፈቃድና የመኪናውን አካሄድ በየሴኮንዱ ደጋግሞ ያስተያያል። ሁለቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ የሞተሩን ጕልበት ይቀንሳል፤ አንዱንም ጎማ ለይቶ በፍሬን ይይዛል። ኋላው ሲያመልጥ በጥምዙ ውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ፥ ፊቱ አልዞርም ሲል ደግሞ በውስጥ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ ይይዛል። የሰው እግር ግን ፔዳሉን ሲረግጥ አራቱን ጎማዎች በአንድነት ይይዛል እንጂ አንዱን ለይቶ ለመያዝ አይችልም።

መሣሪያው በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ1997 የዚሁ ፋብሪካ ትንሽ መኪና፥ ኤ ክላስ፥ በስዊድን አገር ከድንገተኛ እንቅፋት የመሸሽ ፈተና ሲደረግባት ተገለበጠች። ፋብሪካውም ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ መሣሪያውን በዚህ ዐይነት መኪና ሁሉ ላይ አስገባ። እንዲህ ሆኖ የውድ መኪና ጌጥ የነበረው ነገር ለትንሹም ደረሰ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2014 ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ላለቀ ጎማ ጥርስ አያበቅልም፤ ከልክ ላለፈ ፍጥነትም ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የቀለሙን ማማር ብቻ አይመልከት። ሞተሩ ሊነሣ ቍልፉ ሲዞር፥ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለበት መብራት በርቶ መጥፋቱን ያስተውል። በጕዞ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ መሣሪያው ሥራ ላይ ነውና ፍጥነት ይቀነስ፤ ሳይጠፋ ከቀረ ግን መሣሪያው ተዘግቷል ወይም ተበላሽቷልና ለመካኒክ ይታይ።

መሣሪያው የሚረዳው አስተዋይ ነጂን ነው።