ሞተሩ ሲጮኽ ጥፋተኛው ማነው?

መኪናዬ ሲጥ ሲጥ ማለት የጀመረችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ ከኮፈኑ ሥር እንደ ጫጩት የሚጮኽ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ነዳጅ ስሰጥ ይፈጥናል፤ እግሬን ሳነሳ ይረግባል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የሚጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ መካኒክ ፊት ስንቆም ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። “ለምን ሽጠህ አትገላገላትም?” የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ግን አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን ቢንከባከብ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በዚያ ላይ በሳምንቱ እናቴን ይዤ ደሴ የመሄድ ቀጠሮ ነበረኝ። የሰማንያ ዓመት እናቴን ጣርማ በር ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ከቆመች መኪና አጠገብ ማሰብ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። የመጀመሪያው ቺንጋ ቀየረልኝ፤ አራት ቀን ዝም አለችና አምስተኛው ቀን ጀመረች። ሁለተኛው ቺንጋው ላይ ሳሙና ቀባ፤ እስከ ማታ ሰላም ሆነ። ሦስተኛው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና፣ “ጋሼ፣ የውሃ ፓምፑ ሄዷል። እሱ ካልሆነ ሞተሩ መከፈት አለበት” አለኝ። እኔም እንደታዘዝኩት ፓምፕ ገዛሁ።

እንግዲህ ነገሩን ለማስረዳት ከቺንጋው መጀመር ይኖርብኛል። ከሞተሩ ጎን የሚዞር ረጅም የጎማ ቀበቶ አለ፤ ቺንጋ የምንለው (ቃሉን ከጣሊያኖች ወርሰናል) እሱን ነው። በእኔዋ ዓይነት መኪና ይህ አንድ ቺንጋ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕረሰር አንድ ላይ ያዞራል። ድምፅ ሲሰማ ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው ማለት ነው፤ ሁሉም ደግሞ ጎን ለጎን የተሰለፉ ናቸው። በሕግ ትምህርት ቤት ያስተማሩን አንድ ነገር ቢኖር ግን በቦታው መገኘት ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ ነው።

ይህን መርህ በተግባር ያሳዩኝ በሰፈራችን ጥግ የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። መጀመሪያ መፍቻ አላነሡም፤ ጠየቁኝ። “የሚጮኸው ጠዋት ብርድ ላይ ነው ወይስ ከሞቀም በኋላ? መሪውን እስከ ጥግ ሲያዞሩት ይብሳል? ኤሲ ሲከፍቱስ?” ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። መሪው ጥግ ሲደርስ የሚያጓራ ከሆነ ጭነቱ የበዛው በመሪው ፓምፕ ላይ ነው፤ ቺንጋው መሸከም አቅቶት ይንሸራተታል። ጠዋት እንደተነሣ ጮኾ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚተው ከሆነም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዲናሞው ለማስነሻ የወጣውን የባትሪ ኃይል ለመመለስ ሲታገል የላላ ወይም እርጥበት የነካው ቺንጋ መንሸራተቱ ነው። የእኔዋ ሁለቱንም አትመስልም። ሞቃም ትጮኻለች።

ቀጥለው አንድ የውሃ ፕላስቲክ አመጡ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በቺንጋው ጥርሶች ላይ ጥቂት ውሃ አርከፈከፉ። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ተመለሰ። ፈገግ አሉ። ውሃው ድምፁን ቢያብሰው ኖሮ ቺንጋው ላልቷል ማለት ነበር። ለጊዜው አጥፍቶት ከተመለሰ ግን ቺንጋው የሚያልፍባቸው ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ጎኑን እየታሸ ይጮኻል። ውሃው ምንም ለውጥ ባያመጣስ? ያኔ የሚጠረጠረው ኩሽኔታ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቺንጋውን አውልቆ፣ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማዞር ነው፤ የደረቀው ኩሽኔታ እንደ አሸዋ ይንኳኳል ወይም ይወዛወዛል። ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ለአፍታ ሲነሣ ድምፁ አሁንም ካለ ብቻ ነው ስለ ሞተሩ ውስጥ ማውራት የሚቻለው። (ለአፍታ ብቻ ነው ያልኩት፤ ያለ ቺንጋ የውሃ ፓምፑ አይሠራም። ይህን የሚሞክር አንባቢም ከረባቱን ያውልቅ፣ እጁንም ከሚዞር ነገር ያርቅ።)

ቀጥ ያለ ብረት በፑሊዎቹ ፊት ላይ አጋድመው ሲያዩት ጥፋተኛው ተገኘ። ከስድስት ወር በፊት ዲናሞው ሲሞት ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስገጥሜ ነበር። ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ አቀማመጡ ግን የሁለት ሳንቲም ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። አዲሱ ቺንጋ አራት ቀን ዝም ያለው ጥርሶቹ ገና ስላልተበሉ ነው። ሳሙናው ደግሞ ድምፁን ለጥቂት ሰዓት አፈነ እንጂ ፑሊውን ወደ መስመሩ አልመለሰም፤ ጭራሽ ቆሻሻ ይይዛል፣ ቺንጋውንም ያንሸራትታል። አዛውንቱ ማሰሪያውን ፈትተው አስተካከሉት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ድምፁ ጠፋ።

ነገሩን አቅልዬ እንዳላየው ግን አስጠነቀቁኝ። እንዲህ እየታሸ የሚሄድ ቺንጋ ጠርዙ ተበልቶ አንድ ቀን ይበጠሳል። ከተበጠሰ የባትሪው መብራት ይበራል፣ መሪው ይከብዳል፣ ውሃው መዞር ያቆምና ሙቀቱ ያሻቅባል። በዚያ ሁኔታ “እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ” ያለ ሰው ቴስታውን ያጣምማል። ወጪውም ያኔ የቺንጋ ሳይሆን የሞተር ይሆናል። እነዚያን ምልክቶች ያየ ሰው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት።

ስለ ሦስቱ ጋራዦች አንድ ነገር ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላው ዋጋውን ሊከፍል የሚገቡትን ውል ይደነግጋል። እኔ እንደምረዳው ጩኸት ሊያጠፋ መኪና የተቀበለ ጋራዥ የገባው ግዴታ ጩኸቱን ለማጥፋት ነው፤ ዕቃ መቀየር መንገዱ እንጂ ውጤቱ አይደለም። ስለዚህ አሁን መኪና ሳስረክብ በወረቀት ላይ የማስጽፈው “ቺንጋ ይቀየር” የሚለውን አይደለም፤ “ሞተሩ ሲሞቅ የሚሰማው ድምፅ ምክንያቱ ተለይቶ ይስተካከል” የሚለውን ነው። የወለቀውንም ዕቃ አስመልሳለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ፤ ይቆጡ።

ደሴ ደርሰን ተመለስን፤ እናቴ ከደብረ ሲና በኋላ ተኝታ ነበር። የውሃ ፓምፑን ግን ልመልስ ብሄድ ሻጩ ደረሰኙ ላይ የታተመውን “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” በጣቱ አሳየኝ። ሃያ ደቂቃ ተከራክሬ ተረታሁ። ፓምፑ አሁን ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አጠገብ ተቀምጧል።