ስለ በዓል ገበያና ስለ እጅ ሥራ ክብር

በዓል ሲቃረብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ወደ ገበያ ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ሕዝብ የሚወደውንና የሚያከብረውን ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በበዓሉ ዋዜማ ገበያውን ዞሮ ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳል። በዓሉ አንድ ሆኖ ሳለ ገበያው እንደየአገሩ ልማድ ይለያያልና። ለዚህም መስቀል ምስክር ነው። በመስከረም አጋማሽ ደመራ የሚተከለው በብዙ ስፍራ ነው፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ገበያ በዐደይ አበባና በችቦ ሲሸፈን፣ በጉራጌ አገር ዋናው ነገር በየከተማው ለንግድ የተበተነው ዘመድ ተሰብስቦ የሚያርደው ሰንጋ ነው። በጋሞ ደጋም በዓሉ «ዮ መስቀላ» እየተባለ እንደ ዘመን መለወጫ ይከበራል።

የአዊ ሕዝብ ደግሞ ከእነዚህ ሌላ የራሱ የሆነ ታላቅ በዓል አለው። እርሱም በያመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጕድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ገብስና ድንች የሚያበቅል፣ ቀርከሃም የሞላበት ደጋ ነው። በዚህ አገር ፈረስ ለክብር ብቻ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። እርሻ ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሙሽራ ያደርሳል፣ በለቅሶም ጊዜ ሟቹን ይሸኛል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ሰባት ቤት የሚባሉትም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ ጫራና መተከል ናቸው። ማኅበሩ የተቋቋመው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘውን ድልና በዚያ ጦርነት ፈረስ ለአርበኞች የዋለውን ውለታ ለማሰብ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ዕለት ለማክበር ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በበዓል ቀን ብቻ አያበቃም። አባሎቹ በደስታና በሐዘን ይረዳዳሉ፤ የተጣላውንም ያስታርቃሉ። በጥር 23 ዕለት ግን ፈረሰኛው ሁሉ አምሮ አጊጦ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ጉግስ ይጫወታል፣ በስግሪያና በሽምጥ ግልቢያም ይወዳደራል። ተመልካቹም በእልልታና በፉከራ ያጅበዋል።

ይህ ሁሉ ውበት የሚገኘው ከገበያ ነው። በዓሉ የሚውለው የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ስለ ሆነ፣ ገበሬው እህሉን ሸጦ ፈረሱን የሚያለብስበት ጊዜ ነው። ኮርቻው ያረጀበት አዲስ ያሠራል፤ ልጓሙ የላላበት ያስጠግናል፤ ግላስና መረሻት፣ እርካብና ቃጭል የጐደለውም ይገዛል። ከእያንዳንዱ ዕቃ በስተኋላ አንድ ሠራተኛ አለ። ኮርቻውን እንጨት ጠራቢና ቆዳ ፋቂ፣ ልጓሙንና እርካቡን ብረት ቀጥቃጭ፣ ልብሱን ሸማኔ ሠርተውታል። ፈረሰኛው በሜዳው ላይ ሲመሰገን የእነዚህ ሰዎች እጅ አብሮ ሊመሰገን ይገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ፋቂና ቀጥቃጭ እየተባሉ ሲሰደቡ የኖሩት እነርሱ ናቸው። ዐጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ የስድቡ ርዝራዥ ከየመንደሩ ፈጽሞ አልጠፋም።

የእጅ ሥራና በዓል የተሳሰሩ መሆናቸው በሌላም አገር ይታያል። በሕንድ ዲዋሊ የሚባለው የመብራት በዓል በጥቅምት ወይም በኅዳር ወር ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ይከበራል። የሰሜኑ ሰው ራማ ወደ አዮድያ የተመለሰበትን ቀን ያስብበታል፤ የቤንጋል ሰው ካሊ ለተባለችው አምላክ ይሰግዳል፤ የጉጅራት ነጋዴ አሮጌውን የሒሳብ መዝገብ ዘግቶ አዲሱን ይከፍታል። ከዋናው ሌሊት በፊትም ሰው ወርቅ፣ ብርና የብረታ ብረት ዕቃ ለመግዛት ወደ ገበያ ይጎርፋል። ልማዱ እንዲህ ቢለያይም፣ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ደጃፍ የሚበራው መብራት ሸክላ ሠሪ በእጁ ያበጀው ትንሽ ኩራዝ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከፋብሪካ የሚወጣ ርካሽ የኤሌክትሪክ መብራት ገበያውን ስለ ተሻማው፣ ብዙ ሸክላ ሠሪዎች ገቢያቸው ቀንሶባቸዋል። የአገሩ መንግሥትም ሕዝቡ የወገኑን ሥራ እንዲገዛ ሲመክር ይሰማል።

በእንጅባራ ሜዳም የቆዳው ኮርቻና የተሸመነው ግላስ ቀርቶ፣ ከሩቅ አገር ፋብሪካ የመጣ ብልጭልጭ ጌጥ ቢተካ፣ በዓሉ ለዐይን እንደ ቀድሞው ይምሰል እንጂ ለአገሩ ሠራተኛ እንጀራ መሆኑ ይቀራል። ሠራተኛው እንጀራውን ካጣ ልጁን ሙያውን አያስተምረውም፤ ሙያው አንድ ጊዜ ከጠፋም ገንዘብ ተይዞ ቢፈለግ አይገኝም።

ስለዚህ በበዓሉ የሚደሰት ሁሉ ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። መጀመሪያ፣ የእጅ ሠራተኛውን ዕቃ ሲገዛ የድካሙን ዋጋ ሳያጓድል ይክፈለው። ሁለተኛ፣ ልጁን ፈረስ መጋለብ የሚያስተምር አባት ኮርቻውን የሠራውን ሰው ማክበርንም ጨምሮ ያስተምረው። ሦስተኛ፣ ገበያም በዓልም ያለ ሰላም አይቆሙምና፣ የዘንገናው ገበሬ እህሉን ጭኖ ገበያ ወጥቶ በደኅና ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ሁሉም ይጠብቅ። ማኅበሩ የተጣላን በማስታረቅ ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ እርሱን መርዳትም በዓሉን ከማክበር የሚቈጠር ነው።