ስለ ፍጥነት መለኪያ

ዶዮገና ከሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የከምባታ ደጋ ከተማ ናት። የቀድሞ ሰዎች ወደ ሩቅ ገበያ የሚያደርሰውን መንገድ ሲናገሩ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፥ «የሁለት ቀን መንገድ ነው» ይሉ ነበር። የእግረኛ ሁሉ አካሄድ እምብዛም አይለያይምና ይህ አነጋገር ይበቃቸው ነበር። ነገር ግን እግረኛና ፈረስ፥ የተጫነች አህያና መኪና በአንድ መንገድ በተገናኙ ጊዜ «የአንድ ቀን መንገድ» ሲባል የማን ቀን እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ለሁሉ የሚሆን መለኪያ አስፈለገ።

ፍጥነት ማለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተሄደው ርቀት ነው። ጊዜው በሰዓት፥ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሲቆጠር «በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ይባላል። ጊዜው በሰከንድ፥ ርቀቱ በሜትር ሲቆጠር ደግሞ «በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር» ይባላል። ብር ወደ ሳንቲም ቢመነዘር ዋጋው እንደማይለወጥ፥ ፍጥነትም በሁለቱ ቢነገር ያው ነው።

የምንዛሬውም መንገድ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር ነው። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ፥ አንድ ደቂቃም 60 ሰከንድ ስለ ሆነ፥ አንድ ሰዓት 3600 ሰከንድ ነው። እንግዲህ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 36000 ሜትሩ ለ3600 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በአጭሩ፥ የሰዓቱን ኪሎ ሜትር ለ3.6 ማካፈል ነው፤ ለመመለስም በ3.6 ማባዛት ነው። 36ቱ 10፥ 72ቱ 20 መሆኑን በቃሉ የያዘ ልጅ በመካከል ያለውን ሊገምት ይችላል።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን የማራቶን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ይህ ሲሰላ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር፥ በሰከንድ 5.2 ሜትር ይሆናል። ዓለም ያደነቀው ይህ ሩጫ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ፍጥነት ሲሶውን እንኳ አይሞላም።

በገበያ ቀን አንዲት ልጅ ቆጮ ተሸክማ በዶዮገና መንገድ ዳር ቆማለች ይባል። የመንገዱ ስፋት 7 ሜትር ነው፤ እርስዋም ሸክም ስላለባት በሰከንድ አንድ ሜትር ትራመዳለች። ስለዚህ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያስፈልጋታል። ከ100 ሜትር ርቀት አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይመጣል። 100 ሜትር ለዐይን ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን 60 ለ3.6 ሲካፈል በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ነውና፥ መኪናው በ6 ሰከንድ ይደርሳል። ልጅቱ ገና አንድ ሜትር ይቀራታል። ነጂው ቢያያትም እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው 17 ሜትሩን ሄዶአል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ርቀት የሚለካው በማይል ነው፤ አንዱ ማይል 1609 ሜትር ያህል ነው። የመኪናው መለኪያ በማይል የተጻፈ ሲሆን 60 የሚለው ቁጥር 96 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ይህን ያላስተዋለ ነጂ በዝግታ የሄደ ይመስለዋል።

በክረምት ጉም ሲወርድ ነገሩ ይከፋል። ከ50 ሜትር ወዲያ የማይታይ ከሆነ፥ ያው መኪና ከታየ በኋላ በ3 ሰከንድ ይደርሳል። ዐይን በማይረዳበት በዚህ ጊዜ ጆሮ ይረዳል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል፥ ማለት በሰዓት 1224 ኪሎ ሜትር ይሄዳልና ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነው። እነዚህ በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም።